ብራችን የራሳችን የሆነበት ዘመን፤ የአቶ ይልማ ዴሬሳ የሥራ ታሪክ በአጭሩ



ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከእኛ ከሽማግሌዎቹ አንዱ የድሮውን መዋጮ ሲያነሳ «ስሙኒና ሽልንግ እያልን ነበር የምንከፍለው» ቢል፣ አንድ ወጣት አባላችን ብድግ ብሎ «ሽልንግ የእንግሊዝ ገንዘብ አይደለም እንዴ? ከኛ ጋር ምን አገናኘው?» ሲል ጠየቀ። ሳቅን እንጂ መልስ አልሰጠነውም። ዘንድሮ መጽሔታችን ሲታተም ያን መልስ በጽሑፍ ለመስጠት ተነሳን። ነገሩ ግን ከአንድ ሰው ታሪክ ጋር የተያያዘ ሆኖ ስላገኘነው፣ በዚያው እሱን እንተርካለን።

ሰውዬው አቶ ይልማ ዴሬሳ ናቸው። በ1900 ዓ.ም. በወለጋ ተወለዱ። አባታቸው ብላታ ዴሬሳ አመንቴ በ«ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ ላይ ይጽፉ የነበሩ አዋቂ ሰው ናቸው። ልጃቸውም በግብፅ በእስክንድርያ ቪክቶሪያ ኮሌጅ፣ ከዚያም በለንደን የኢኮኖሚ ትምህርት ቤት ተምረው ተመለሱ። ብዙም ሳይቆዩ ጠላት አገሪቱን ወረረ። በምዕራብ በኩል የተማሩ ወጣቶችና የሆለታ መኮንኖች «ጥቁር አንበሳ» የተባለውን ማኅበር ሲያቋቁሙ የአቶ ይልማም ስም አብሮ ይነሳል። ይህ ማኅበር ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ሆኖ ወደ ደቡብ ሲያፈገፍግ መጨረሻው የሆነው በ1929 ዓ.ም. ታኅሣሥ በጎጀብ ወንዝ ነው። ጎጀብ ደግሞ ከእኛ አገር ሩቅ አይደለም፤ ከቦንጋ ወደ ጅማ የተጓዘ ሁሉ ተሻግሮታል።

በ1933 ዓ.ም. አገር ነፃ ወጣች። ነገር ግን ነፃነትና ገንዘብ አብረው አልመጡም። የእንግሊዝ ጦር ሲገባ የምሥራቅ አፍሪካን ሽልንግ ይዞ ገባ። በ1934 ዓ.ም. ጥር በተፈረመው ውል እንግሊዝ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሚሊዮን ተኩል ፓውንድ፣ በሁለተኛው አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ልትረዳን ተስማማች፤ በምትኩ አማካሪዎቿ በመንግሥቱ ሥራ ውስጥ ገቡ። እንዲያውም የኢትዮጵያ ገንዘብ ለንደን በተቀመጠ ቦርድ ሥር እንዲሆን ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ኢትዮጵያ አልቀበልም አለች። የቤቱን ቁልፍ ጎረቤት ይዞለት «ባለቤት ነኝ» የሚል ሰው አለ? በገንዘብ ሚኒስቴር ካፒታል፣ በአንድ ሚሊዮን ማርትሬዛ ብር፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ተቋቁሞ በ1935 ዓ.ም. ሚያዝያ ሥራ ጀመረ።

አቶ ይልማ በዚያን ጊዜ ምክትል የገንዘብ ሚኒስትር ነበሩ። በዚያው በ1935 ዓ.ም. የኢትዮጵያን መልእክተኞች መርተው በአሜሪካ ሆት ስፕሪንግስ በተባለው ከተማ በተደረገው የምግብና የእርሻ ጉባኤ ላይ ተገኙ። ጉባኤው ካለቀ በኋላ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተመለሱም። ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት ጋር ተነጋግረው በነሐሴ ወር ዋሽንግተን ላይ የመረዳዳትን ውል ፈረሙ። በዚህ የጦርነት ጊዜ የብድር ዕርዳታ መሠረት አሜሪካ ከ5 ሚሊዮን አውንስ በላይ ጥሬ ብር ለኢትዮጵያ ሰጠች።

ጥሬ ብር ለምን አስፈለገ? የእኛ አገር ሽማግሌዎች ይህን ለማስረዳት መጽሐፍ አያስፈልጋቸውም። በከፋ፣ በቤንች፣ በሸኮ አገር ሰው የሚያምነው አሞሌ ጨውን፣ ከዚያም ማርትሬዛን ነበር። ማርትሬዛን ያንኳኩታል፣ ይመዝኑታል፣ ድምፁን ይሰሙታል። ቡናውን በበቅሎ ጭኖ የወረደ ገበሬ በወረቀት ለውጥ ቢሉት እሺ ይላል እንዴ? ስለዚህ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ፣ ከወረቀቱ ጋር የ50 ሳንቲሙ ሳንቲም ከእውነተኛ ብር ተሠርቶ ወጣ። ሕዝቡ እሱን አይቶ ወረቀቱን አመነ።

የወጣቱም ጥያቄ መልስ እዚሁ ላይ ነው። አዲሱ አንድ ብር በሁለት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ተመነዘረ። ግማሹ ብር፣ ማለት 50 ሳንቲሙ፣ ከአንድ ሽልንግ ጋር እኩል ስለሆነ ሕዝቡ «ሽልንግ» ብሎ ጠራው። የእንግሊዙ ገንዘብ ሄደ፣ ስሙ ግን አፋችን ላይ ቀረ። የስሙኒም ወግ አለው። የመጀመሪያው 25 ሳንቲም ድፍን ክብ ነበር፤ በመጠኑ ከሽልንጉ ጋር ስለሚመሳሰል አንዳንዱ ብልጥ ብር እየቀባ በሽልንግ ዋጋ ያሳልፈው ጀመር። ኋላ ዙሪያው እንደ አበባ ተከርክሞ የወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። ሌባ ባለበት ገንዘብ ያዥ አይተኛም።

ይህ ሁሉ የአንድ ሰው ሥራ ብቻ ነው አንልም። የባንኩ ገዥ የነበሩት አሜሪካዊው ጆርጅ ብሎወርስና ሌሎችም ደክመውበታል። ሆኖም ወጣቱ ምክትል ሚኒስትር ባሕር ተሻግሮ ያመጣው ውል ከሌለ ነገሩ በቀላሉ ባልሆነም ነበር።

አቶ ይልማ በዋሽንግተን አምባሳደር፣ በውጭ ጉዳይም ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ ለብዙ ዓመታት የገንዘብ ሚኒስትር ነበሩ። የመንግሥቱ ባንክ ለሁለት ተከፍሎ ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ በ1956 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩት በሳቸው ጊዜ ነው። በዚያ ዘመን ከአገሪቱ የውጭ ንግድ ገቢ ከግማሽ በላይ የሚመጣው ከቡና ነበር። እንግዲህ በሚዛንና በቴፒ ጫካ ለቃሚው እጅ የነካው ቡና የሚኒስትሩን መዝገብ ይሞላ ነበር ማለት ነው። በመካከሉም በ16ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ስለነበረችው ኢትዮጵያ የታሪክ መጽሐፍ ጽፈው አሳትመዋል።

ነገር ግን ሁሉም አልተቃናላቸውም። በ1960 ዓ.ም. ኅዳር አሥራትን የሚሽር የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። በወረቀት ላይ ሲታይ ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ብዙ ያመረተ ብዙ ይክፈል ነው። የጎጃም ገበሬ ግን አዋጁን የሰማው በሌላ ጆሮ ነው። «መሬታችን ሊለካ፣ ርስታችን ሊወሰድ ነው» ብሎ ጠመንጃ አነሳ። ደም ፈሰሰ። በመጨረሻ መንግሥት ውዝፉን ግብር ማረ፣ አገረ ገዥውንም አነሳ። ያው ሰው፣ በ1937 ሕዝቡ እንዲያምን ከእውነተኛ ብር ሳንቲም ሲሠራ አብሮ የነበረው፣ በ1960 የሚታመን ነገር በገበሬው እጅ ላይ ማስቀመጥ አልቻለም። አቶ ይልማ በ1971 ዓ.ም. ዐረፉ።

ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። የራሳችንንም እናውቃለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት መዋጮ ስንጨምር በኮሚቴ ወስነን በወረቀት ለጠፍነው። ሒሳቡ ትክክል ነበር፤ የድንኳኑ ሸራ ተቀዶ፣ የሬሳ ሳጥንም ተወዶ ነበር። ግን ማንም ቁጭ ብሎ ለአባላቱ አላስረዳም። ጥቂት ቤተሰቦች አኩርፈው ቀሩ። ከነሱ በአንዱ ቤት ኀዘን በገባ ጊዜ፣ እኛ «ድንኳን እንትከል፣ አንትከል» ብለን ስንከራከር አስከሬኑ ከቤት ወጣ። ዘመዶቹ ያንን ቀን አልረሱትም፤ እኛም አልረሳነውም።

ዘንድሮም መዋጮ ይጨመር የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ይጨመር አይጨመር የሚለውን ጉባኤው ይወስናል። የእኛ ልመና አንድ ነው። ገንዘብ ያዡ መዝገቡን ይዞ ይቁም፤ ደረሰኙ ይነበብ፤ ማንበብ የማይችሉ እናቶችም «ይሄ ለምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ እስኪገባቸው ድረስ ይመለስላቸው። የሸሹትንም ቤተሰቦች ሽማግሌ ልከን እንጥራቸው። ሳጥኑን የሚሞላው መዋጮ ነው፤ መዋጮውን የሚያመጣው ግን እምነት ነው።

ያረፉትን አባሎቻችንን ነፍስ ይማርልን።