ባለስትራ ከእሳት ሲወጣ፦ ቅይጥ ብረትን በሙቀት ስለማከም፣ ከሀዋሳ ሲታይ

አሮጌ የጭነት መኪና ሲፈታታ ሞተሩና ጎማው ወደ ሌላ መኪና ይዛወራል፤ ባለስትራው ግን ብዙ ጊዜ መጨረሻው ቀጥቃጭ ዘንድ ነው። ማረሻ፣ ዶማ፣ መጥረቢያና ቢላዋ ይወጣዋል። ሀዋሳ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናትና ይህ ብረት አያጥራትም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ እንዲህ ነው፦ ከባለስትራ የተሠራ መሣሪያ ቶሎ ቢዶለዱም ወይም ቢሰበር ጥፋቱን በብረቱ ላይ ማላከክ አይገባም። ነገሩ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ መዶሻው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነው።

ባለስትራ ተራ ብረት አይደለም። 5160 ተብሎ የሚታወቀው ዓይነት 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን፣ 0.8 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 0.9 በመቶ ገደማ ማንጋኒዝ አለው። በክሮሚየም ፈንታ ወደ 2 በመቶ የሚጠጋ ሲሊከን የሚይዝ ዓይነትም አለ። ለግንባታ የምንገዛው ፌሮ በአንጻሩ ካርቦኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.3 በመቶ አይበልጥም፤ የቱንም ያህል ቢግልና ቢጠልቅ ስለት የሚይዝ ቢላዋ አይወጣውም። ብረት እስከ ምን ድረስ ሊጠነክር እንደሚችል የሚወስነው ካርቦን ነው። የክሮሚየምና የማንጋኒዝ ሥራ ሌላ ነው፤ ብረቱ ቀስ ብሎ ቢቀዘቅዝም እስከ ውስጡ እንዲጠነክር ፋታ ይሰጡታል። ይህን ያልተረዳ ሰው ባለስትራን ውሃ ውስጥ ይነክራል።

ብረት ከ727 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲግል የአተሞቹ አደራደር መለወጥ ይጀምራል፤ ካርቦኑንም አሟሙቶ ይይዛል። ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ካርቦኑ ተለይቶ ይወጣል፤ የሚቀረውም ለስላሳ ብረት ነው። በድንገት ከቀዘቀዘ ግን ካርቦኑ መውጫ ጊዜ አጥቶ በአተሞቹ መካከል ተቀርቅሮ ይቀራል። በጀርመናዊው አዶልፍ ማርተንስ ስም ማርተንሳይት የተባለው እጅግ ጠጣር መዋቅር የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ለ5160 ተስማሚው ሙቀት 830 ዲግሪ አካባቢ ነው። ልምድ ያለው ዓይን ይህን በቀለም ይገምታል፤ ችግሩ ጥላ ውስጥ ደማቅ ቀይ የሚመስለው ብረት ፀሐይ ላይ ያልጋለ መስሎ መታየቱ ነው። ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት የተሻለ ምስክር ይሆናል፤ ብረት 770 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ በማግኔት መሳቡ ይቀራል። ከዚያ ጥቂት ከፍ ማድረግ በቂ ነው። እጅግ ከጋለ የውስጡ ቅንጣቶች ያድጉና ተሰባሪ ይሆናል።

ውሃ ባለስትራን ከሚያስፈልገው በላይ በፍጥነት ያቀዘቅዘዋል። ላዩና ውስጡ በተለያየ ጊዜ ስለሚለወጡ ይጣመማል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። ለብ ያለ ዘይት ይበቃዋል፤ የምግብ ዘይት ቢሆን ይመረጣል፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ጭሱ ለሳንባ ጠንቅ ነውና። የሀዋሳ ሐይቅ ውሃ ጨው ስላለበት የበለጠ ያጠነክራል የሚል ካለ፣ ለዚህ ሥራ የሚዘጋጅ የጨው ውሃ ከ5 እስከ 10 በመቶ ጨው እንደሚይዝ ይወቅ። ሐይቁ በሊትር 1 ግራም ገደማ ቢኖረው ነው። ከተማዋ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ይህም ቢሆን የሚያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

የጠለቀ ባለስትራ እንደ ብርጭቆ ነው፤ ማረሻ ሆኖ ድንጋይ ቢያገኘው ይሰበራል። ስለዚህ ዳግመኛ በለዘብተኛ ሙቀት መላላት አለበት፤ በእኔ ግምት ከሥራው ሁሉ በቸልታ የሚታለፈው ይህ ደረጃ ነው። ለቢላዋ 200 ዲግሪ አካባቢ፣ ለአንድ ሁለት ሰዓት፣ ተስማሚ ነው። እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ ከዚህ ሙቀት ብዙም አይርቅም፤ ቤት ውስጥ ያለ ምድጃ ማለት ነው። ማረሻና ዶማ ግን ከጠጣርነት ይልቅ ስብራትን መቋቋም ስለሚፈለግባቸው እስከ 450 ዲግሪ መውጣት ይኖርባቸዋል። ወጥመዱ መካከል ላይ ነው። ብረቱ ሰማያዊ እስኪሆን የማሞቅ የቆየ ልማድ 300 ዲግሪ አካባቢ ያቆማል፤ እንደ 5160 ያለ ቅይጥ ደግሞ ከ250 እስከ 370 ዲግሪ ባለው ክልል ጠጣርነቱን እያጣ ተሰባሪነቱ ይብሳል። ሲሊከን የበዛበት ዓይነት ላይ ይህ ክልል ወደ ላይ ይገፋል፤ ያልታወቀ ባለስትራ ሲገኝ አስቀድሞ ቁራጩን መሞከር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ፌሮንም እንዲሁ አንለፈው። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚመረተው ፌሮ ከፋብሪካው ሲወጣ በውሃ ላዩ ይጠነክራል፤ በውስጡ የቀረው ሙቀት ደግሞ ያንኑ ላዩን መልሶ ያላላዋል። ጥንካሬው ያለው በዚያ ቅርፊት ነው። ግንባታ ላይ ለማጠፍ እንዲመች በእሳት የሚያግለው ሠራተኛ ፋብሪካው የሠራውን እያፈረሰ ነው። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ባለበት ምድር፣ ይህ ቀላል ጥፋት አይደለም።

በሲዳማ ብረት መቀጥቀጥ ቱንቲቾ ለሚባለው የሙያተኞች ወገን ተትቶ፣ ሙያተኛውም በዝቅታ ሲታይ ኖሯል። ዕውቀቱ ከአባት ወደ ልጅ ብቻ ማለፉ የዚሁ ውጤት ይመስለኛል። የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትና የከተማዋ የሙያ ማሠልጠኛዎች ውድ እቶን እስኪገዛ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። ማግኔት፣ አንድ ባልዲ ዘይትና የሙቀት መለኪያ ይዘው ወደ ወናፉ ቢወርዱ፣ ቀጥቃጩም ከእነሱ እኩል በመምህርነት ቢቀመጥ፣ ሥራው ነገ ሊጀመር ይችላል።