ከመዝለያ ሰሌዳ ወደ ድንገተኛ ክፍል

ሸዋ ሮቢት ወይም ሌላ የይፋት ቆላ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። ሙቀቱ ሲበረታ ወንድ ልጅ ሁሉ ልብሱን ጥሎ ወንዝ ይወርዳል፤ ከድንጋይ ላይ ተንደርድሮ ይዘላል፣ ማን አሳምሮ ዘለለ እየተባለም ይከራከራል። ሴቷስ? እሷ ጀሪካን ይዛ ወይ ልብስ እያጠበች ዳር ላይ ናት። ማን ይዝለል፣ ማን ዳር ይቁም የሚለው ነገር የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ታሪክ የአሜሪካ ነው፤ ዓመቶቹም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስፖርቱ ዳይቪንግ ይባላል፤ ከከፍታ ተነስቶ አየር ላይ እየተገለባበጡ ውኃ ውስጥ መግባት ነው። ቀላል አይደለም። ከ10 ሜትር መድረክ የሚወርድ ሰው አየር ላይ የሚቆየው ሁለት ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ ውኃው ጋ ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሆዱ የወደቀን ሰው ውኃው በጥፊ ነው የሚቀበለው።

ቪክቶሪያ ማናሎ በ1924 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ተወለደች። አባቷ ፊሊፒናዊ፣ እናቷ እንግሊዛዊት ነበሩ። በወጣትነቷ ዳይቪንግ ልትማር ስትሄድ የአባቷ ስም ችግር ሆነ። በእናቷ የቤተሰብ ስም ቴይለር ተብላ እንድትጠራ ተደረገ። እስቲ አስቡት፣ ውኃ ውስጥ ለመግባት ስም መለወጥ! በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ በጦር ሠራዊቱ የወደብ ሐኪም ቢሮ ውስጥ በጸሐፊነት ትሠራ ነበር። ካገባች በኋላ ቪኪ ድሬቭስ ተባለች፤ በ1948 የለንደን ኦሊምፒክም በ3 ሜትር የሚያነጥር ሰሌዳና በ10 ሜትር መድረክ ሁለቱንም ወርቅ ወሰደች። በአንድ ኦሊምፒክ ሁለቱን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። እኛ ያኔ ኦሊምፒክ ገና አልጀመርንም ነበር፤ የጀመርነው በ1956 ሜልቦርን ላይ ነው።

እዚያው ለንደን ላይ ጓደኛዋ ሳሚ ሊ በወንዶች የ10 ሜትር ወርቁን ወሰደ። እሱም የኮሪያ ስደተኞች ልጅ ነው። ልጅ ሳለ የፓሳዴና መዋኛ ነጭ ላልሆነ ሰው የሚከፈተው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ስለነበር፣ በሌላው ቀን አሸዋ በተሞላ ጉድጓድ ላይ እየዘለለ ይለማመድ ነበር። ለንደን ሲደርስ ግን የሕክምና ትምህርቱን ጨርሶ ዶክተር ሆኗል። በኋላም የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ፣ እኛ ከአንገት በላይ የምንለው፣ ሐኪም ሆኖ ኖረ።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ሁለቱም በዘራቸው ምክንያት በር ተዘግቶባቸዋል፣ ሁለቱም የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ናቸው። እሱ ሐኪም ነው፤ እሷ የሐኪም ቢሮ ጸሐፊ ነበረች። ቪኪ ሐኪም መሆን ፈልጋ ተከለከለች ማለቴ አይደለም። ግን በዘመኗ ብትፈልግስ ኖሮ? ብዙዎቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ሴት የሚቀበሉት ቆጥረው ነበር።

ነገሩን የቀየረው በሰኔ 1972 የወጣ አጭር ሕግ ነው። ታይትል ናይን ይባላል። ዋናው አንቀጹ በእንግሊዝኛ 37 ቃላት ብቻ ነው፤ የመንግሥት ገንዘብ በሚያገኝ ትምህርት ቤት ማንም በጾታው ምክንያት እንዳይገለል ያዛል። የሚገርመው፣ በነዚያ ቃላት ውስጥ ስፖርት የሚል የለም። ሆኖም ዩኒቨርሲቲዎች ለሴት ስፖርተኞችም ነፃ የትምህርት ዕድል ለመስጠት የተገደዱት በዚሁ ሕግ ነው፤ የሕክምና ትምህርት ቤቱንም በር ያሰፋው እሱው ነው። በ2017 ወደ አሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ከገቡት አዲስ ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ከግማሽ በላይ የሆኑት ሴቶች ናቸው።

አቢ ጆንስተን በሁለቱም በር ገብታለች። ለዱክ ዩኒቨርሲቲ እየዘለለች በ2011 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የ3 ሜትር ሻምፒዮን ሆነች። በ2012 ለንደን ላይ ከኬልሲ ብራያንት ጋር በ3 ሜትር ጥንድ ዝላይ ብር አገኘች፤ በዚህ ውድድር የአሜሪካ ሴቶች የመጀመሪያ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ነው። ከዚያ እዚያው ዱክ ሕክምና ማጥናት ጀመረች፤ ገና ተማሪ ሳለች በ2016 ሪዮ ላይ እንደገና ዘለለች፣ ለፍጻሜውም ደረሰች። እኔን ከብሩ በላይ የሚገርመኝ ይሄኛው ነው፤ ሕክምና የተማረ ሰው ያውቀዋል፣ እንኳን ለኦሊምፒክ ለእንቅልፍም ጊዜ የለም። ኋላ የድንገተኛ ሕክምና ሐኪም ሆነች።

ቪኪ ድሬቭስ ያረፈችው በ2010 ነው፣ አቢ ብሩን ከማግኘቷ ሁለት ዓመት በፊት። በተወለደችበት በሳን ፍራንሲስኮ በስሟ የተሰየመ መናፈሻ አለ። ስሙ ላይ ማናሎ የሚለው የአባቷ ስምም ተጽፏል።