የሴት ስም በመሬት መዝገብ

ስለ ገጠር ሴቶች ኑሮ መሻሻል በሚመከርበት ጊዜ የውኃ፥ የጤናና የትምህርት ነገር ዘወትር አስቀድሞ ይነሣል። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን በሰሜኑ ደጋ አገር የሴትን ዕድል አጥብቆ የነካው፥ መሬት በማን ስም ይጻፋል የሚለው ጥያቄ መሆኑን የሕጉ ታሪክ ያስረዳል።

በአማራው የርስት ሥርዓት መሬት በአባትም በእናትም ወገን ይወረስ ነበርና፥ ሴት ልጅ እንደ ወንድሞቿ ድርሻ ለመጠየቅ ትችል ነበር። ጋብቻ ቢፈርስም የዘር ርስቷ ከእርሷ አይለይም። ሆኖም በበሬ ማረስ የወንድ ሥራ ስለ ሆነና ሙሽራም ብዙ ጊዜ ወደ ባሏ ቀዬ ስለምትሄድ፥ መብቷ በባሏ ወይም በወንድሟ እጅ ይውል ነበር፤ ብቻዋን የቀረችውም መሬቷን ለእኩል ወይም ለሲሶ አራሽ ትሰጥ ነበር። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ባልን የቤተ ሰቡ አለቃ አድርጎ አቆመ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ፥ የጾታ ልዩነት ሳይደረግ ራሱ ለማረስ ለፈቀደ ሁሉ መሬት እንዲሰጥ፥ ለአንድ ቤተ ሰብም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ደነገገ። ቃሉ ስለ እኩልነት ይናገራል፤ በአፈጻጸሙ ግን መሬት የታደለው በቤተ ሰብ ሲሆን፥ በገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ባብዛኛው የሚጻፈው አባወራው ነበር። ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት እማወራ ተብላ ስትመዘገብ፥ ባለትዳሯ ከባሏ ስም በስተጀርባ ተሰወረች። ርስትም ስለ ተሻረ፥ ፍቺ ቢመጣ በዘሯ የምትጠይቀው መሬት አልቀረላትም። ስለ እኩልነት የተነገረው አዋጅ በዚህ በኩል የቀድሞውን መጠጊያዋን ወሰደባት።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች መሬትን በመጠቀም፥ በማስተዳደርና በማስተላለፍ ከወንዶች ጋራ እኩል መብት እንዳላቸው አረጋገጠ። መዝገቡ ካልተለወጠ ግን የሕግ ቃል እስከ ጎጆ አይዘልቅም። ለዚህ ምስክሩ የይዞታ ማረጋገጫው ነው። በትግራይ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሰጠው ወረቀት በቤተ ሰቡ ኃላፊ ስም ተጻፈ፤ ከዚያ በኋላ በአማራ ክልል የተሰጠው ደብተር ግን የባልንና የሚስትን ስም አንድነት ያዘ፤ ለሁለቱም ፎቶግራፍ ስፍራ ተሰጠው። በ1997 ዓ. ም. የወጣው የፌዴራል አዋጅ ቍጥር 456ም የጋራ ይዞታ በሁለቱም ስም እንዲመዘገብ አዘዘ።

ስም መጻፉ በሬና አራሽ አይሆንም፤ ባሏ የሞተባት ሴት ዛሬም መሬቷን ለሌላ አሳርሳ ምርት ልትካፈል ትችላለች። ነገር ግን ያን ጊዜ የምትዋዋለው የይዞታው ባለቤት ሆና ነው። ስለዚህ የገጠርን ሕይወት የሚመረምር ሰው፥ ሕጉ ምን ይላል ብሎ ከጠየቀ በኋላ መዝገቡን ገልጦ የማን ስም እንደ ተጻፈበት ሊያይ ይገባዋል። ቤትን ብቻ የሚቈጥር መዝገብ በቤቱ ውስጥ ያለችውን ሴት አያያትምና።