በቺካጎ የሳውዝ ሳይድ የሕዝብ ሥነ ጥበብ ቤት አመሠራረትና ታሪክ

ቤተ መዘክር ሲባል በብዙ ሰው አሳብ የሚመጣው ነገሥታት ወይም ባለጸጎች የሰበሰቡት ዕቃ የሚቀመጥበት፥ ሕዝብም በጸጥታ ገብቶ ተመልክቶ የሚወጣበት ታላቅ ሕንፃ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት ግን ከዚህ የተለየ ቤት ተነሣ። ይኸውም የአንድ ሰፈር ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው የሚያቆሙት፥ ሥዕል የሚታይበት ብቻ ሳይሆን የሚሣልበት፥ ሙዚቃና ግጥም የሚሰማበት፥ ልጅና ዐዋቂ የሚማርበት ቤት ነው። እንዲህ ያለው ቤት በምን ኀይል ይቆማል? በመንግሥት ድጎማ ነው ወይስ በሰፈሩ ሰው ልማድ? የቤቱስ ጌታ ገንዘቡን የሰጠው ነው ወይስ ሥራውን የሠራው? በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ የሚገኘው የሳውዝ ሳይድ የሕዝብ ሥነ ጥበብ ቤት ታሪክ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በ1910 በቺካጎ የነበሩት ጥቁር አሜሪካውያን 44 ሺህ ያህል ነበሩ፤ በ1940 ግን ቍጥራቸው ወደ 278 ሺህ ደረሰ። አብዛኞቹ ከደቡቡ የጥጥ እርሻ ድኽነትና ከዘር ግፍ ሸሽተው በባቡር የመጡ ናቸው። በከተማው የነበሩ ነጭ ባለርስቶች ቤታቸውን ለጥቁር ሰው እንዳይሸጡና እንዳያከራዩ በውል ተሳስረው ስለ ነበር፥ መጤው ሕዝብ ብሮንዝቪል በተባለው በደቡቡ ክፍል ተጨናንቆ ተቀመጠ። ቦታው ቢጠብበትም በዚያው የራሱን ጋዜጣ፥ የራሱን ሆስፒታል፥ የራሱንም አብያተ ክርስቲያናት አቆመ።

ይህ ሰፈር ለኢትዮጵያ ታሪክም እንግዳ አይደለም። ኢጣልያ ኢትዮጵያን ለመውረር በተዘጋጀችበት በ1935 በወርኃ ኦገስት መጨረሻ የሳውዝ ሳይድ ሰዎች ወረራውን ለመቃወም በአደባባይ ሲወጡ ፖሊስ ከልክሎ ብዙዎችን አሰረ። በዚያው ዓመት መጥቶ በኢትዮጵያ አየር ኀይል ያገለገለው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን የበረራ ሞያ የተማረው በቺካጎ ነበር፤ በ1936 ሲመለስም የሰፈሩ ሕዝብ በታላቅ ደስታ ተቀበለው። የሥነ ጥበቡን ቤት ለማቆም ከጥቂት ዓመት በኋላ ሳንቲም ያዋጣው ይኸው ሰፈር ነው።

ቤቱ ከመቆሙ በፊት ልማዱ ነበረ። በ1930ዎቹ ዓመታት ጆርጅ ኒል የተባለ ሠዓሊ ወጣቶችን ሰብስቦ ሥዕል ያስተምር ነበር። ከእነዚህ መካከል በኋላ ስማቸው የታወቀው ቻርልስ ኋይት፥ ኤልድዚየር ኮርተርና ማርጋሬት ቴይለር (በኋላ ማርጋሬት በሮውዝ) ይገኙ ነበር። ሁሉም በታላቁ የሥዕል ትምህርት ቤት ገብተው ለመማር አቅም ስላልነበራቸው፥ ግብዣ አዘጋጅተው ከመግቢያው ዋጋ የሚገኘውን ገንዘብ አንድ ቦታ ያኖሩና ከመካከላቸው ለአንዱ የትምህርት ቤት ይከፍሉለት ነበር። እርሱም የተማረውን ተመልሶ ለቀሩት ያስተምራል። ነገሩ እቍብን ይመስላል፤ ልዩነቱ ዕጣው የወጣለት ሰው የሚቀበለው ገንዘብ ሳይሆን ዕውቀት መሆኑና ዕውቀቱንም ለማኅበሩ መመለሱ ነው። የዚህ ማኅበር አስፈላጊነት ከቻርልስ ኋይት ሕይወት ይታያል። ገና በወጣትነቱ በችሎታው ሁለት ጊዜ ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ፥ ጥቁር መሆኑ በታወቀ ጊዜ ሁለቱንም ጊዜ ዕድሉ ተነሥቶበታል።

በዚያን ዘመን የአሜሪካ መንግሥት በኢኮኖሚው ውድቀት ሥራ ያጡትን ሠዓልያን ለመርዳት የፌዴራል የሥነ ጥበብ መርሐ ግብር አቋቁሞ ነበር። መርሐ ግብሩ በየከተማው ከ100 የሚበልጡ የሕዝብ ሥነ ጥበብ ቤቶች እንዲከፈቱ አድርጓል። የስምምነቱም መሠረት እንዲህ ነበር፤ መንግሥት የመምህራኑንና የሠራተኞቹን ደመወዝ፥ የእድሳቱንም ወጪ ይችላል፤ ሕንፃውንና የዕለት ወጪውን ግን የሰፈሩ ሕዝብ ያቀርባል። በ1938 የመርሐ ግብሩ ሠራተኛ ፒተር ፖላክ ከሰፈሩ ታላላቅ ሰዎችና ከሠዓልያኑ ጋር መመካከር ጀመረ።

ከዚህ በኋላ የገንዘቡ መሰብሰብ ተጀመረ፤ መንገዱም ሁለት ነበር። አንደኛው ለባለአቅሞች የታሰበ ነው፤ ከ1939 ጀምሮ ሠዓልያኑ ልዩ ልዩ ልብስ የሚለበስበት፥ ሙዚቃና ጭፈራ ያለበት ታላቅ የምሽት ግብዣ ያዘጋጁ ነበር። ሁለተኛው ለማንኛውም አላፊ አግዳሚ ነው፤ ይህም «የአንድ ማይል ዳይም» ተባለ። ዳይም የአሥር ሳንቲም ገንዘብ ነው። ማርጋሬት ቴይለርና ጓደኞቿ በመንገድ ማዕዘን ቆመው ከሚያልፈው ሰው አንድ አንድ ዳይም ይለምኑ ነበር። ዳይም በዳይም ጫፍ ተደርድሮ አንድ ማይል ለመሙላት 90 ሺህ ያህል ያስፈልጋል፤ ዋጋውም 9 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። የዚህ መዋጮ ትርጕም ግን ከገንዘቡ መጠን ይበልጣል። ዳይም የሰጠችው የቤት ሠራተኛና ዳይም የሰጠው የቄራ ሠራተኛ ቤቱን የእኛ ነው ለማለት በቁ።

የተገዛው ቤት በሚሺጋን ጎዳና ቍጥር 3831 የሚገኝ፥ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ለአንድ የእህል ነጋዴ የተሠራ ባለጸጋ መኖሪያ ነበር። ሀብታሞቹ ሰፈሩን ለቀው ከሄዱ ቈይተዋል። ውስጡን ያደሱት ከጀርመን ባውሃውስ ትምህርት የወጣውን አዲስ የአሠራር ስልት የሚከተሉ ባለሙያዎች ሲሆኑ፥ የመታያውን አዳራሽ ግድግዳ በጥድ ሳንቃ ለበጡት። በዲሴምበር 1940 ቤቱ በጥቁር ሠዓልያን የሥዕል ኤግዚቢሽን ሥራውን ጀመረ። በሜይ 7 ቀን 1941 የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ኤሊነር ሩዝቬልት ተገኝተው መረቁት፤ ሥነ ሥርዐቱም በራዲዮ ለአገሩ ሁሉ ተሰማ። ፈላስፋው አሌን ሎክም በዚያ ተገኝቶ ነበር።

የቤቱ ልዩ ጠባይ ኤግዚቢሽኑና ትምህርቱ አንዱ ከሌላው ያልተለያዩ መሆናቸው ነው። አንዱ ክፍል ሥዕል ሲያሳይ በሌላው ክፍል ሥዕል፥ የሸክላ ሥራና የኅትመት ሥዕል ይማሩ ነበር፤ በምሽትም ሙዚቃ፥ ንግግርና የግጥም ንባብ ይደረግ ነበር። ጎርደን ፓርክስ ገና ያልታወቀ ፎቶግራፍ አንሺ ሳለ በምድር ቤቱ በነበረው ጨለማ ክፍል ፎቶግራፉን አጠበ፤ በ1941 ሥራውን በዚያው አሳየ፤ በ1942ም ትልቅ የሮዘንዋልድ የጥናት ዕርዳታ አገኘ። በ1941 ኢኔዝ ከኒንግሃም ስታርክ የምትባል ባለጸጋ ነጭ ሴት በቤቱ የግጥም ትምህርት ከፈተች። ከተማሪዎቿ አንዷ ግዌንዶሊን ብሩክስ ነበረች፤ በ1950 የፑሊትዘርን ሽልማት ከጥቁር አሜሪካውያን የመጀመሪያዋ ሆና ተቀበለች። ኤልዛቤት ካትሌትም በ1941 የድንጋይ ኅትመት ሥራን በዚህ ቤት ተምራለች።

ፈተናው ግን ሳይዘገይ መጣ። አሜሪካ ወደ ጦርነት ከገባች በኋላ መርሐ ግብሩ በ1943 ተዘጋ፤ የመምህራን ደመወዝም ቆመ። ከ100 ከሚበልጡት ቤቶች አብዛኞቹ ከድጎማው ጋር አብረው ጠፉ። የሳውዝ ሳይዱ ቤት ግን አልተዘጋም። በመሠረቱ የነበረው የመዋጮና የግብዣ ልማድ እንደገና ሸክሙን ተሸከመ፤ የዕለቱን ሥራ በትዕግሥት ያስኬዱትም በብዛት የሰፈሩ ሴቶች ነበሩ። በድጎማው የተወለዱት ከድጎማው ጋር ሲሞቱ፥ ይህ ከድጎማው በፊት ሥር የነበረው ቤት በሕይወት ቈየ።

ይሁን እንጂ በመዋጮ የሚኖር ቤት ለሌላ ዐይነት ችግር የተጋለጠ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የኮሙኒስት ጥርጣሬ በበረታ ጊዜ የቤቱ አስተዳዳሪዎች በሰፈሩ የተከበሩ ሰዎች ስለ ነበሩ ስሙ እንዳይጎድፍ ፈሩ። በግራ አሳባቸው የታወቁት ሠዓልያን ከቤቱ ራቁ፤ በመንገድ ቆማ ሳንቲም የለመነችው ማርጋሬት በሮውዝ ራሷ ከእነዚህ አንዷ ነበረች። በአንድ በኩል አስተዳዳሪዎቹን መውቀስ ቀላል ነው። በሌላ በኩል ድጎማ የሌለው ቤት በአንድ ክስ ሊዘጋ ይችል እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም። ቤቱን ያዳነው ጥንቃቄ ቤቱን የሠሩትን ሰዎች ዋጋ አስከፈለ፤ ሁለቱም እውነት ናቸው።

በሮውዝ ግን ሞያዋን አልተወችም። በ1961 ከባሏ ከቻርልስ በሮውዝ ጋር በዚያው ጎዳና ከሥነ ጥበቡ ቤት ፊት ለፊት በሚገኘው መኖሪያቸው ስለ ጥቁር ሕዝብ ታሪክና ሥነ ጥበብ የሚያሳይ ቤተ መዘክር ከፈተች። ሳሎናቸው አዳራሽ፥ ዕቃቸው ቅርስ ሆነ። ቤተ መዘክሩ በ1968 በከተማይቱ የመጀመሪያ ነዋሪ በዱ ሳብል ስም ተጠራ፤ በ1973ም ወደ ዋሽንግተን ፓርክ ተዛወረ። ስለዚህ ሁለተኛው ቤት ከመጀመሪያው ልምድና ከመጀመሪያው ጠብ የተወለደ ነው ማለት ይቻላል።

የሥነ ጥበቡ ቤት በ1994 የቺካጎ ከተማ ቅርስ ሆነ፤ በ2018ም በአገሪቱ የታሪክ ቦታዎች መዝገብ ገባ። የአዳራሹ የጥድ ሳንቃ በየኤግዚቢሽኑ ሥዕል የተሰቀለባቸውን የምስማር ቀዳዳዎች ይዞ ቈይቷል። ጥናት ለሚያደርግ ሰው እነዚህ ቀዳዳዎች ከምረቃው ንግግር ይልቅ አስረጅ ናቸው፤ ቤቱ የቆየው በተመረቀበት ቀን ክብር ሳይሆን በየጊዜው ሥዕሉን በሚሰቅሉና በሚያወርዱ እጆች ነውና። የሕዝብ ቤተ መዘክርን ለማቋቋም የሚያስብ ሁሉ ከሕንፃው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ሰፈሩ አስቀድሞ አብሮ የማዋጣትና የተማረውን የማካፈል ልማድ ያለው መሆኑን ነው። ቀጥሎም መዋጮው በተሰበሰበ ማግሥት፥ የሰበሰቡት ሰዎች በቤቱ ውስጥ ስፍራቸው እንዲጠበቅ ሥርዐት መኖሩን ማረጋገጥ ይገባዋል።