ስምንተኛው ሺህና የወፍ ዋሻ ጽድ

በሰሜን ሸዋ ዝናብ ሲዘገይ፥ ገብሱን ውርጭ ሲመታው፥ ምንጩም ሲደርቅ፥ «ስምንተኛው ሺህ ነውና ምን ይደረግ» ማለት የቈየ ልማድ ነው። እኛም ይህን ቃል ከልጅነታችን ጀምሮ እየሰማን አድገናል። ቃሉ የትሕትና ቃል ይመስላል፤ ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ የስንፍና መሸሸጊያ ሲሆን አይተናል። ስለዚህ አባቶቻችን የዘመንን ፍጻሜ እያሰቡ ምድራቸውን እንዴት እንደ ያዙ ከታሪክ ጥቂት ለመጻፍ ወደድን።

አስቀድመን የቍጥሩን ነገር እንግለጽ። በቤተ ክርስቲያናችን አቈጣጠር ከዓለም ፍጥረት እስከ ጌታችን ልደት 5500 ዓመት ነው። እግዚአብሔር ዓለምን በስድስት ቀን ፈጥሮ በሰባተኛው ስላረፈ፥ አንዱ ቀን በሺህ ዓመት ተመስሎ፥ ሰባተኛው ሺህ ሲፈጸም ዓለም ያልፋል የሚል ሐሳብ በብዙ የክርስቲያን አገሮች ተሰራጭቶ ነበር። በመስኮብ አገር ይህ ቍጥር እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1492 ተፈጸመ፤ የፋሲካው ማውጫ ከዚያ ወዲያ አልተዘጋጀም ነበርና ዓለም ሳታልፍ ብትቀር አዲስ ማውጣት ግድ ሆነባቸው። በእኛ አቈጣጠር ሰባተኛው ሺህ የተፈጸመው በ1500 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን ሁሉ ስምንተኛው ሺህ ይባላል፤ ዛሬም ከ7500 ዓመተ ዓለም አልፈን እንገኛለን።

እንግዲህ ወደ ደብረ ብርሃን እንመለስ። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከተማዪቱን በዚህ ስም የጠሯት በሰማይ ላይ ብርሃን ስለ ታየ ነው። የታሪክ ሊቃውንት ይህን ብርሃን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1456 ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያገናኙታል። ንጉሡ ግን ምልክቱን አይተው እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ ቤተ ክርስቲያን አነጹ፥ ቤተ መንግሥት ሠሩ፥ እስከ ዕለተ ሞታቸውም አገሪቱን ከዚያው ሆነው አስተዳደሩ።

ለጉዳያችን ከሁሉ ይልቅ የሚስማማው ግን በአፈ ታሪክ የሚነገረው ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የሚገኘውን የመናገሻን ደን፥ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው ያስተከሉት እኒሁ ንጉሥ ናቸው ይባላል። ወፍ ዋሻ በአንኮበርና በደብረ ሲና መካከል፥ ወደ ቈላው በሚወርደው ገደል ላይ ያለ፥ ጽድና ዝግባ፥ ወይራና ኮሶ፥ ከፍ ሲልም አስታ የሚበቅልበት ደን ነው። ነገሩን በአፈ ታሪክነቱ ብንይዘው እንኳ ሒሳቡን እናስተውል። ደብረ ብርሃን በተቈረቈረች ጊዜ ሰባተኛው ሺህ ሊፈጸም 50 ዓመት ያህል ብቻ ቀርቶት ነበር። ጽድ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነውና የተከለው ሰው ብዙ ጊዜ ከጥላው ሳያርፍ ይሞታል። ብዙ መጻሕፍት የደረሱ ንጉሥ ይህን ቍጥር አያውቁም ነበር አይባልም። ታዲያ ተከሉ የተባለው ለማን ነው? ገና ላልተወለደው ነው።

የተፈራው ሺህ ገባ፤ በ1521 ዓ.ም. የሽምብራ ኵሬ ጦርነት ሆነ፤ በሸዋም ብዙ አድባራትና ገዳማት ተቃጠሉ። ቢሆንም የተረፈው ሕዝብ እንደ ገና አረሰ፥ እንደ ገና ሠራ። በኋላም አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ሆነች። ዐፄ ምኒልክ ከዚያ ተነሥተው ወደ እንጦጦ ከወጡ በኋላ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ክፉ ቀን መጣ። ከውጭ በምጽዋ በኩል በገቡ ከብቶች የተዛመተው በሽታ በሬውን ስለ ፈጀው እርሻው ጦም አደረ፤ ረኃቡም ሕዝቡን ጨረሰ። በዚያን ጊዜ ምኒልክ ዶማ ይዘው በእጃቸው ቈፈሩ፤ መኳንንቱም እንዲከተሏቸው አደረጉ። ፍጻሜ ደረሰ ለማለት ከዚያ የበለጠ ምክንያት አልነበረም፤ ንጉሡ ግን መልሳቸው ዶማ ሆነ።

ከዚያው ዘመን ሌላም ትምህርት እናገኛለን። የእንጦጦ ተራራ ስለ ተራቈተ በአዲስ አበባ ማገዶ ጠፋ፤ በ1893 ዓ.ም. ገደማም መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ከተማዪቱን በቦታዋ ካጸኗት ነገሮች አንዱ ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ጥፋት ከሰማይ የወረደ አልነበረም፤ በምሳር የመጣ ነበር። ያቃለለውም የሰው እጅ ነው።

በደብረ ብርሃን አካባቢ እንጨት በማነሱ ገበሬው ኩበት ያነዳል፤ ማሳውን ማዳበር የሚገባው ፍግ በምድጃ ውስጥ ዐመድ ይሆናል፤ መሬቱም በየዓመቱ ይደክማል። የቀድሞው ዛፍ የተረፈው በወፍ ዋሻና በየአድባራቱ ቅጥር ውስጥ ነው። በቅጥሩ ውስጥ ያለውን ጽድ መቍረጥ የሚፈራ ምእመን ከቅጥሩ ውጭ ያለውን ያለ ሐሳብ ይቈርጣል። ምድር ግን ሁለት ባለቤት የላትም።

መጽሐፉ አዳም በገነት የተቀመጠው ሊሠራትና ሊጠብቃት እንደ ሆነ ይናገራል። ስለ ፍጻሜ የሚናገረው ራእየ ዮሐንስ እንኳ፥ በምዕራፍ 7፥ የእግዚአብሔር አገልጋዮች እስኪታተሙ ድረስ መላእክቱ ምድርንና ባሕርን ዛፎችንም እንዳይጐዱ መታዘዛቸውን ይገልጻል። መልአክ ያልተፈቀደለትን ሰው በምን ሥልጣኑ ያደርገዋል? ቀኑን የሚያውቅ የለም ተብሏል፤ ጌታው ሲመጣ በሥራው ላይ የሚገኝ አገልጋይም ተመስግኗል። ስለዚህ «ስምንተኛው ሺህ ነው» የሚለን ሽማግሌ ቢኖር «አዎን አባቴ፥ ነው» ብለን በአክብሮት እንመልስለት፤ ከዚያም ችግኙንና ዶማውን ይዘን አብረነው እንውጣ።