የወለቃ የሸክላ ምስሎች

የወለቃ የሸክላ ምስሎች ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው የወለቃ መንደር በእጅ የሚሠሩ ትናንሽ የሰውና የእንስሳት ቅርጾች ናቸው። ሥራውን የጀመሩት የቤተ እስራኤል ሴቶች ሲሆኑ፣ እነሱ ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላ በአብዛኛው በክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው እጅ ቀጥሏል።

ታሪክ

ቤተ እስራኤሎች በዐፄ ይስሐቅ ዘመነ መንግሥት (1406–1422 ዓ.ም.) በጦርነት ከተሸነፉ በኋላ፣ ክርስትናን ያልተቀበሉት ርስት የመያዝ መብታቸውን እንዳጡ ይነገራል። ርስት ያጣው ሰው የሌላውን መሬት በጢሰኝነት ከማረስ ጎን ለጎን በእጅ ሥራ መተዳደር ነበረበት። ስለዚህ ወንዶቹ ብረት ቀጥቃጭና ሸማኔ፣ ሴቶቹ ደግሞ ሸክላ ሠሪ ሆኑ። ጎንደር በ1628 ዓ.ም. በዐፄ ፋሲል ከተቆረቆረች ወዲህም ብዙዎቹ በግንበኝነትና በአናጺነት ሠርተዋል።

ሙያው እንጀራ እንጂ ክብር አላስገኘም። ብረትና ሸክላ የሚሠሩ ሰዎች «ጠይብ» ወይም «ቡዳ» ተብለው ይፈሩ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እየተባለም ይወራባቸው ነበር። ጎረቤት ምጣዱን፣ እንስራውንና ጀበናውን ከሸክላ ሠሪዋ ይገዛል፤ ዓይኗን ግን ይሸሻል። እንዲህ ያለው መገለል በጎንደር አካባቢ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በሐዋሳ ዙሪያ በሚኖረው የሲዳማ ሕዝብ ዘንድም ሸክላ ሠሪዎቹ ሀዲቾዎች ከሌሎች ጎሳዎች ጋር እንዳይጋቡ በልማድ ተከልክለው ኖረዋል።

አሠራር

ጭቃው ከተለቀመና ከተቦካ በኋላ ቅርጹ ያለ መንኮራኩር በጣት ይበጃል። ገጽታው በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፤ ከደረቀ በኋላም በሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት እሳት ይተኮሳል። ሸክላው በጭስ ሲታፈን ጥቁር ቀለም ይይዛል።

ቅርጾቹ

ሴቶቹ ቀድሞ በዋናነት የቤት ዕቃ ይሠሩ ነበር። በ20ኛው መቶ ዘመን ከውጭ የሚመጡ ጎብኚዎች ሲበዙ ግን ትናንሽ ምስሎች ዋነኛ የገበያ ዕቃ ሆኑ። በብዛት ከሚታወቁት መካከል የዳዊት ኮከብ ያለበት አንበሳ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ፣ ኦሪት የያዘ ቄስ እንዲሁም ልጅ ያቀፈች እናት ይገኛሉ።

ከፍልሰቱ በኋላ

በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል በተካሄደው «የሙሴ ዘመቻ» እና በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በተካሄደው «የሰሎሞን ዘመቻ» ቤተ እስራኤሎች በብዛት ወደ እስራኤል ሄዱ። በሁለተኛው ዘመቻ ብቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ተጓጉዘዋል። ከሄዱት ሸክላ ሠሪዎች አንዳንዶቹ ሙያውን በዚያ ቀጥለዋል።

ወለቃ ዛሬም ለጎብኚዎች «የፈላሻ መንደር» እየተባለች ትታወቃለች፤ ማኅበረሰቡ ግን ይህን ስያሜ እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። በመንገዱ ዳር የሚሸጡት ምስሎችም የዳዊትን ኮከብ እንደያዙ ናቸው። አሁን በአብዛኛው የሚሠሯቸውና የሚሸጧቸው ግን በቦታው የቀሩት ጎረቤቶች ናቸው።