መሬት ይበላዋል? ነዳጅ በሊታ ባክቴሪያዎችና የድሬ ሸመንደፈር

ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መሥመር ፈቃድ ሰጡ። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰና የኩባንያው ገንዘብ ስላለቀ ቆመ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ያ መቆም ነው ከዚራን ያስገነባው፣ የሸመንደፈርን ትልቅ የጥገና ግቢም እዚህ ያስቀረው።

ባቡሩ መጀመሪያ በእንፋሎት፣ ኋላ በናፍጣ ሄደ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ያልፋል። ስለ አሮጌው ባቡር ስናወራ ፉጨቱን፣ ጣቢያውን፣ ፈረንሳይኛ የሚናገሩትን ሠራተኞች እናነሳለን። አንድ ነገር ግን አንጠይቅም። ናፍጣና ግሪስ የማይንጠባጠብበት ጋራዥ የለም። የስንት አሥርት ዓመት ጠብታ የት ገባ?

«መሬት ይበላዋል» የሚል መልስ ይመጣል። ግማሽ እውነት አለው። ሌላውን ግማሽ ለማየት ከድሬ ሙቀት በጣም ወደ ራቀ ቦታ ልውሰዳችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2003 ተመራማሪዎች ከአንታርክቲካ ባሕር ያገኙትን አንድ ባክቴሪያ ኦሌይስፒራ አንታርክቲካ ብለው ሰየሙት። ምግቡ በነዳጅ ውስጥ ያለው ሃይድሮካርቦን ነው። በጣም የሚመቸው ደግሞ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ነው፤ ፍሪጅ ውስጥ እንደማለት። እንዴት አይደርቅም? ቅቤ ደብረ ብርሃን ላይ ይረጋል፣ የኑግ ዘይት ግን አይረጋም። የእነዚህ ባክቴሪያዎች የሴል ሽፋንም እንደ ዘይቱ በብርድ የማይረጋ ስብ ይበዛበታል።

ታዲያ ነዳጅ የሚበላ ፍጥረት ካለ ምን ያስጨንቃል? መልሱ አላስካ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1989 ኤክሶን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ ከባሕር ዐለት ጋር ተጋጭታ ከ40 ሚሊዮን ሊትር በላይ ድፍድፍ ነዳጅ አፈሰሰች። በሊታዎቹ እዚያው ነበሩ፤ ግን ነዳጅ ብቻውን አያጠግብም። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ገበሬ ማሳው ላይ እንደሚያደርገው የባሕሩ ዳርቻ ላይ ማዳበሪያ ተረጨ። ከተረጩት አንዱ የፈረንሳዩ የኤልፍ ኩባንያ ሥራ ነበር። ላይ ላዩ በፍጥነት ጸዳ። አየር በማይገባበት ጠጠር ሥር የተቀበረው ግን ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶም ሲቆፈር ነዳጅ ሆኖ ተገኘ።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። ባክቴሪያ ሠራተኛ ነው፤ ሠራተኛ ደግሞ ውሃ፣ አየርና ስንቅ ይፈልጋል። ሙቀቱ ለድሬ አድልቷል፤ በሞቀ መሬት ሥራው ከአንታርክቲካ ይፈጥናል። የድሬ አፈር ግን አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው፤ ወደ ታች በጠለቅን ቁጥርም አየሩ ያንሳል። በብርድ የማይበገሩት ያልቻሉትን በድርቅ ላይ ካሉት መጠበቅ የዋህነት ነው።

ይህን የማነሳው ለወሬ አይደለም። ድሬ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ሳቢያን ላይ ያሉት ጉድጓዶች የከተማው እስትንፋስ ናቸው። እዚህ መሬት ላይ የፈሰሰ ነገር ወደ ባሕር አይሄድም፤ ወይ አፈሩ ይይዘዋል፣ ወይ ወደ ታች ይወርዳል።

ስለዚህ አሮጌው ግቢ ሙዚየም ይሁን ገበያ ከማለታችን በፊት አፈሩ ይመርመር። የጋራዦቻችንና የነዳጅ ማደያዎቻችን አፈርም እንዲሁ። ችግር ከተገኘ ዘዴው ሰማይ የራቀ አይደለም፦ የተበከለውን አፈር ማውጣት፣ እያገላበጡ አየር መስጠት፣ ማርጠብ፣ ማዳበሪያ መጨመር። የቀረውን ባክቴሪያዎቹ ይሠሩታል።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል። የፈሰሰ ናፍጣ ግን ሳይታፈስ በጉድጓድ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ሸመንደፈር ከተማ አውርሶናል፤ ከሥሩ ያለውንም የወረስነው እኛው ነን።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በዚያ ግቢ የሠራ አባት ወይም አያት ያላችሁ፣ የተቃጠለው ዘይት የት ይደፋ እንደነበር ጠይቃችሁ ጻፉልኝ።